ባለ ሁለት ዕድሜው ጠመንጃ

በአያቴ ቤት፣ ከመካከለኛው ምሰሶ ላይ፣ አንድ ሰናድር ተሰቅሎ ነበር። ልጆች ሳለን እንድንነካው አይፈቀድልንም። ዓመት እስከ ዓመት ጭስ እየጠጣ ከተሰቀለበት የሚወርደው ለትልቅ ሰው ለቅሶ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ትከሻው ላይ አጋድሞት ከአልቃሹ ፊት ፊት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ጥይቱ ካለቀ ስንት ዘመን እንደ ሆነው የሚያውቅ አልነበረም። ስሙን ግን የማያውቅ አልነበረም፤ በፉከራና በቀረርቶ ከውጅግራ ጋር ተጣምሮ ሲጠራ ስሰማ፣ «ሰናድር» እንደ «ጎራዴ»ና እንደ «ጋሻ» ከጥንት ከአባቶቻችን ቋንቋ የወጣ ቃል ይመስለኝ ነበር።

አልነበረም። ሰናድር የሰው ስም ነው። ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ የፊላዴልፊያ ሰው ስም፣ በእኛ አንደበት ተለስልሶና ዜግነት ቀይሮ የቀረ ነው። ውጅግራም እንዲሁ «ፊዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው፤ እውነቱን ለመናገርም ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ግን ስለ ቃሉ ብቻ አይደለም። የአያቴን ሰናድር እንደገና እንዳስበው ያደረገኝ፣ ከእርሱ ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል ሌላ ጠመንጃ ነው፤ ጥይቷ ከትንሽ ጣቴ የምትቀጥን፣ ለዒላማ እንጂ ለሰው ያልታሰበች፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራች ትንሽ ጠመንጃ።

ከዓመታት በፊት በመካከለኛው እንግሊዝ አንድ ከተማ ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ በእንግድነት ወደ አንድ የዒላማ ተኩስ ክበብ ይዞኝ ሄደ። ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአሮጌ ፋብሪካ ጀርባ ያለ ረጅም የጡብ ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፎች ተዘርግተዋል፤ ከ23 ሜትር ርቀት ላይ የወረቀት ዒላማዎች አምፖል በርቶላቸው ተሰልፈዋል። ሻይ ይፈላል። ጡረተኞች፣ አንዲት አስተማሪና አንድ የአውቶቡስ ነጂ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁሉም ፈቃድ አላቸው፤ ጥይቱ ይቆጠራል፤ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚናገር የለም። እኔ ስለ ጠመንጃ ያለኝ ትዝታ ሁሉ ለቅሶና ፉከራ ስለ ነበር፣ ያን ጸጥታ ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸውን በብረት ሥራ የጨረሱ ሰው፣ የራሳቸውን ጠመንጃ ሰጡኝ። ከጎኗ ላይ የዘውድ ምልክት፣ ከሥሩ «ቪ. አር.» የሚሉ ፊደሎች፣ ከእነርሱም በታች «ኤንፊልድ» የሚል ቃል ተቀርጾባታል። ቪክቶሪያ ንግሥት ማለት ነው። በዚህ አካል ውስጥ ግን ያለው አፈሙዝ የንግሥቲቱ ዘመን አይደለም። ሽማግሌው በርካሽ ካገኙት አሮጌ የማርቲኒ ሄንሪ ጦር መሣሪያ ላይ ሰፊውን አፈሙዝ ከውስጥ አስፍተው፣ ቀጭን የብረት ቱቦ አስገብተውበት፣ ለትንሿ የ22 ካሊበር ጥይት እንዲሆን አድርገውታል። እርሳቸው የፈለሰፉት ጥበብ አልነበረም፤ አባታቸውም ከእርሳቸው በፊት በዚያው ከተማ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። «አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረንማ» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

እኔም ይህ «ገንዘብ አልነበረንም» የሚለው ታሪክ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ ጓጓሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከፓሪስ ሳሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ አንድ ቀላል ሐሳብ መጣለት። በዚያ ዘመን ባሩድ የሚቀጣጠለው ሲመታ በሚፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ነበር። ፍሎቤር ቆቧን ወስዶ ጫፏ ላይ አንዲት ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ሰካባት። ባሩድ የለም፤ ቆቧ ስትፈነዳ ፍሬዋን ብቻዋን ትገፋታለች። ጉልበቷ ትንሽ፣ ጭሷ ትንሽ፣ ድምጿ ትንሽ ስለ ነበር፣ ባለጸጎች ከእራት በኋላ በቤታቸው ውስጥ ዒላማ ይመቱባት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ከየትኛውም ይልቅ በብዛት የሚተኮሰው የጥይት ዘር የመጀመሪያ ቅድመ አያት ይህች የሳሎን መጫወቻ ናት።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ ስሚዝና ዌሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለመጀመሪያው ሽጉጣቸው የፍሎቤርን ሐሳብ አሻሽለው ቀለሁን ጥቂት አስረዘሙትና ባሩድ ጨመሩበት። የዚህች ጥይት ምሥጢር ከንፈሯ ላይ ነው። የትልልቆቹ ጥይቶች ማቀጣጠያ በመቀመጫቸው እምብርት ላይ ለብቻው ተሰክቶ ይቀመጣል። የትንሿ ግን በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ተጠቅልሎ በሚወጣው ክፍት ከንፈር ውስጥ ተለቅልቆ ይደርቃል፤ መምቻው ከንፈሩን ቀጥቅጦ ሲጨፈልቀው እሳት ይወጣል። እንግዲህ ከንፈሩ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ከሆነ ብዙ ጉልበት አይችልም፤ አንዴ ከተተኮሰም ተመልሶ አይሞላም። ድክመት ነው። ነገር ግን ያው ድክመት ርካሽ አደረጋት፤ የሚገጣጠም የተለየ ማቀጣጠያ የለም፤ ናሱ ጥቂት፣ ባሩዱ ጥቂት፣ እርሳሱም ጥቂት ነው። በ1887 የስቲቨንስ ኩባንያ በማሳቹሴትስ ግዛት የዛሬዋን «22 ሎንግ ራይፍል» አወጣ። የእርሳሷ ክብደት 2.6 ግራም ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ መልኳ ብዙም አልተለወጠም።

ርካሽ ነገር ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ መደጋገም ይፈቅዳል። በትልቅ ጥይት ዐሥር ጊዜ የሚተኩስ ሰው በትንሿ መቶ ጊዜ ይተኩሳል። እጁ የሚንቀጠቀጥበትን፣ ትንፋሹ የሚያሳስተውን ቦታ ለማወቅ የሚያስፈልገውም መቶው ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልምጣ። ይህን ታሪክ ስከታተል ስሙ ባላሰብሁት ቦታ ሁለት ጊዜ ስለ ገጠመኝ ነው።

በ1899 ታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ ጦር በደቡብ አፍሪካ ከቦር ገበሬዎች ጋር ሲዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ በስቶርምበርግ፣ በማገርስፎንቴይን፣ በኮሌንሶ። እንግሊዞች «ጥቁር ሳምንት» ብለው ይጠሩታል። ቦሮቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠመንጃ እየያዙ ያደጉ፣ በሩቁ የሚያነጣጥሩ ሰዎች ነበሩ። ከለንደንና ከበርሚንግሃም የተመለመለው ወታደር ግን አብዛኛው ጦር ሠራዊት እስኪገባ ድረስ ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም። በኮሌንሶ የተተዉትን መድፎች ለማዳን ሲጋልቡ ከወደቁት አንዱ ፍሬዲ ሮበርትስ የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። ለአባቱ በሕይወት የቀረለት አንድ ወንድ ልጁ ነው። አባትየው፣ ሎርድ ፍሬድሪክ ሮበርትስ፣ የደቡብ አፍሪካውን ጦር እንዲመራ የተሾመውና የልጁን መርዶ የሰማው በአንድ ሰሞን ነበር።

እኒህ ሽማግሌ ጄኔራል ከጦርነቱ ይዘውት የተመለሱት ሐሳብ ሰው ሁሉ ማነጣጠር ይማር የሚል ነበር። በ1901 በለንደን «የሠራተኞች የጠመንጃ ክበቦች ማኅበር» ተመሠረተ፤ በ1903 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ «የትናንሽ ጠመንጃ ክበቦች ማኅበር» ተባለ። ሮበርትስ ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ቀን አይመቸውም፤ ሜዳ የለውም፤ ገንዘብም የለውም። ስለዚህ በማታ፣ በምድር ቤትና በአዳራሽ፣ በመብራት፣ በትንሿ ጥይት ይለማመድ። እኔ ሻይ የጠጣሁበት የጡብ ክፍል የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ሮበርትስን ሁለተኛ ጊዜ ያገኘሁት በእኛው ታሪክ ውስጥ ነው። በ1868 ጄኔራል ናፒየር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወደብ ተቀምጦ ስንቅና ጭነት ያመላልስ የነበረው ወጣት መኮንን ይኸው ሮበርትስ ነበር። ወደ መቅደላ አልወጣም፤ ውጊያውንም አላየም፤ የባሕር ዳሩን ሐሩር ችሎ ግመልና በቅሎ ሲቆጥር ከረመ። ሲያበቃ የናፒየርን የመጨረሻ መልእክት ይዞ ወደ ለንደን የሄደው ግን እርሱ ነው። በእርሱ ወደብ ካለፉት ሳጥኖች መካከል፣ በኋላ አያቴ ምሰሶ ላይ የሚሰቅሉት ዓይነት ጠመንጃ ነበረባቸው።

እሮጌ ላይ የሆነውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ሆኖም ልድገመው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከአፋፉ ወደ ሜዳው ወረደ። ከታች የጠበቀው ሰናድር የያዘ የእንግሊዝ እግረኛ ነበር፤ ያ ጠመንጃ በትልቅ ውጊያ ሲፈተን የመጀመሪያው ነው። ከእኛ በኩል 700 ያህል ሰው እንደ ሞተና 1,200 ያህል እንደ ቆሰለ ይነገራል። ገብርዬም ወደቀ። ከእነርሱ 20 ቆሰሉ፤ ከነዚያም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ንጉሡ ይህን ከላይ ሆነው ያዩ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ወደቀች።

በልጅነቴ ይህን ስማር የታሰበኝ፣ እንግሊዝ ሀብታም ስለ ነበረች ከሁሉ የተሻለውን አዲስ መሣሪያ አሠርታ መጣች የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ ያስደነቀኝም ይኸው ነው። ሰናድር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። የተጠጋገነ ጠመንጃ ነበር።

እንግሊዝ በ1850ዎቹ ከአፈሙዙ የሚጎረስ የኤንፊልድ ጠመንጃ በብዙ መቶ ሺህ አሠርታ ነበር። በ1860ዎቹ ግን ፕሩሲያ ከኋላ በሚጎረስ ጠመንጃ ጠላቶቿን ስታሸንፍ፣ ያ ሁሉ ክምችት በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። ሁሉን ጥሎ አዲስ ማሠራት የማይታሰብ ወጪ ነው። ስናይደር ያቀረበው መፍትሔ የአናጢ መፍትሔ ነበር ማለት ይቻላል፤ የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ ቆርጦ፣ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ጎን የሚከፈት ብረት በማጠፊያ ገጠመበት። እንጨቱ ያው፣ አፈሙዙ ያው፣ መዶሻው ያው። በ1866 ተቀባይነት አገኘ። ኮሎኔል ቦክሰር የሠራው ባለ ናስ ጥይት ሲጨመርበትም፣ ጥገናው ከዋናው ጠመንጃ ይልቅ አነጣጥሮ የሚመታ ሆነ፤ አንድ ወታደር በደቂቃ እስከ ዐሥር ጥይት መተኮስ ቻለ። ስናይደር ራሱ ግን በዚያው ዓመት፣ ከመንግሥት ጋር በክፍያ ሲከራከር፣ ደኽይቶ ሞተ። ስሙ በአማርኛ ቀረርቶ ውስጥ እንደሚኖር ቢነገረው ምን ይል እንደ ነበር እንጃ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጣ ልበልና ጋፋትን ላንሣ። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ አሠሩ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል፤ ወደ መቅደላ የተጎተተው መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ነው። ስለ ሴባስቶፖል ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን ያደንቃል፣ ሌላው ያዝናል። እኔ አሁን የማስበው ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ የፈለጉት ግዙፉን ነበር፤ የመጣባቸው ግን ትንሹና የተጠጋገነው ነበር። በጋፋት እቶን ዙሪያ የነበሩት ብረት አንጥረኞች አሮጌ ነፍጥ ተሰጥቷቸው «ይህን አሻሽሉ» ቢባሉ ኖሮ ምን ይሠሩ ነበር? ታሪክ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ መጠየቁን ግን አልከለከለኝም።

ወደ እንግሊዝ ክበቦች እንመለስ። የመጠገን ልማዱ እዚያም ተከትሎ መጣ። ሰናድርን የተካው ማርቲኒ ሄንሪ፣ የስዊሱ መሐንዲስ ማርቲኒ ከአሜሪካዊው ፒቦዲ ፈጠራ ተነሥቶ የነደፈውና የኤዲንብራው ሄንሪ አፈሙዝ የተገጠመለት፣ በ1871 ሥራ ላይ ዋለ። ጥይቱ ውድ፣ ርግጫው ኃይለኛ ነበር። ስለዚህ በ1880ዎቹ ሞሪስ የሚባል ሰው በአፈሙዙ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ሠራለት፤ ወታደሩ በሰፈሩ ውስጥ በትንሽ ጥይት ይለማመዳል፣ ሲጨርስ ቱቦውን ያወጣል። ማርቲኒም በተራው አሮጌ ሲሆን፣ የበርሚንግሃም ሠሪዎች ያን ቱቦ ላይወጣ አስገብተው አጣበቁት። የፓርከር ቤት በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው፤ ያረጀ አፈሙዝ ያለው ሰው ይልከዋል፣ አዲስ ውስጥ ይዞ ይመለስለታል።

ማርቲኒ ለዚህ የተመቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ቃታው ሲሳብ መምቻው የሚጓዘው መንገድ በጣም አጭር ነው። ተኳሹ «አሁን» ብሎ ከወሰነበት ቅጽበት እስከ ጥይቷ መነሣት ድረስ ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር እጅ የሚያሳስትበት ጊዜ ያጥራል። ትንሿ ጥይት ደግሞ ቀርፋፋ ናት፤ ከትልልቆቹ ይልቅ በአፈሙዙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለምትቆይ፣ ሰውየው ጠመንጃውን ከተኮሰ በኋላ እንኳ ለአፍታ ሳይነቃነቅ መያዝ አለበት። የጦር ሜዳው አሮጌ ብረት ለዚህች ቀርፋፋ ጥይት የተስማማ ማደሪያ ሆነ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። የማርቲኒ መምቻ የተሠራው እምብርትን ለመምታት ነው፤ ትንሿ ግን የምትቀጣጠለው ከከንፈሯ ነው። አንዳንዱ ሠሪ መምቻውን አዘነበለው፤ ሌላው ደግሞ መምቻውን ትቶ፣ ቱቦውን ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ አስገባው። ይህን ሁለተኛውን ስሰማ ሳቅሁ። ዒላማውን እንዲመታ ከመሐል የወጣ አፈሙዝ!

ሽማግሌው ወዳጄ ስለ ትክክለኛነት የነገሩኝን ያህል ስለ ጦርነት አልነገሩኝም። ገንዘብህ ጥቂት ከሆነ፣ አሉኝ፣ ለሚታየው ነገር አታውጣ። እንጨቱ ቢያምር አይመታም። ገንዘቡ የሚገባው ከአፈሙዙ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ከአፉ። የአፈሙዙ አፍ፣ ጥይቷ ከብረቱ የምትላቀቅበት የመጨረሻው ጠርዝ፣ በአንድ በኩል ጥቂት እንኳ ቢጎረድ ከኋላዋ የሚወጣው ጋዝ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ትገፋለች፤ ሌላው ሁሉ ፍጹም ቢሆን ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ብረቱ በእንጨቱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ እንጨት በዝናብ ወራት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ ብረቱንም እያጣመመ ይይዘዋል። ከሁሉ በላይ ግን ጥይት። ሁለት ጠመንጃዎች ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢወጡ እንኳ አንዱ የወደደውን ጥይት ሌላው ይጠላል። ስለዚህ ሽማግሌው ከየዓይነቱ አንዳንድ ሣጥን ይገዙና ዐሥር ዐሥር እየተኮሱ በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩን አሳዩኝ። በደቃቅ እጅ ጽሑፍ ዓመታት ተሰልፈውበታል፤ ቀን፣ ሙቀት፣ የጥይት ዓይነት፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት። አንዳንድ ቦታ ላይ «ደክሞኛል» የሚል ተጽፏል።

ከደብተሩ የተማርሁት አንድ ነገር አሁንም ይገርመኛል። ውዱ የውድድር ጥይት ከተራው የሚለየው በፍጥነት ማነስ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ በላይ የምትሮጥ ትንሽ ጥይት በመንገዷ ላይ ፍጥነቷ ሲቀንስ ያንኑ ድንበር ተመልሳ ስታቋርጥ ትንገዳገዳለች። ከድንበሩ በታች የተነሣችው ግን ምንም ሳይነካት ትደርሳለች። ስለዚህ አዋቂው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዝግታ ነው።

በአሜሪካም ይህ ጥበብ የራሱ መነኮሳት ነበሩት። ከ1861 እስከ 1950 የኖረው ሃሪ ፖፕ የአፈሙዝ ቦዮችን አንድ በአንድ፣ በእጅ ይቀርጽ ነበር። በ1906 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ሱቅ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጡ መጣና ሱቁን አጠፋው። ሰውየው ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በጀርዚ ሲቲ እንደገና ጀመረ፤ እስኪያረጅም ድረስ ቀረጸ። እንደ ፖፕ ያለ እጅ ለሁሉ አይደርስም። ዊንቸስተር በ1919 ያሳየው ሞዴል 52 ለዚያ ዘመን ዒላማ ተኳሾች የመጨረሻው ምኞት ሆነ፤ ዋጋውም እንደዚያው። ለድሃው በር የከፈተው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1964፣ የወጣው የሩገር 10/22 ይመስለኛል። ጠመንጃው ራሱ ተራ ነው። ነገር ግን አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በሁለት ብሎኖች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ያለ ትልቅ ማሽን በጠረጴዛው ላይ ፈትቶ የተሻለ አፈሙዝ መግጠም ይችላል። ዘንድሮ አፈሙዙን፣ ከርሞ ቃታውን፣ ሲሆንለት እንጨቱን። ከሚሊዮኖች በላይ ተሽጧል።

ሶቪየት ኅብረትም ይህንኑ በመንግሥት እጅ አደረገችው። ቱላ ላይ በ1930ዎቹ የተሠራው ቶዝ 8 አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ርካሽና ጠንካራ የማስተማሪያ ጠመንጃ ነበር፤ ወጣቱ በየፋብሪካው ክበብ እየተማረ የተኳሽነት ባጅ ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከእነዚያ የፋብሪካ ልጆች አንዷ በኪየቭ አርሰናል ትሠራ የነበረችው ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 309 የጠላት ወታደሮችን በመግደል ተመዝግባለች። ይህን ቁጥር ሳነብ የጡቡ ክፍል ጸጥታ ትዝ አለኝ፤ ሻዩም።

ሮበርትስ የፈለጉትም ይህንኑ አልነበረምን? ደብቀውት አያውቁም። ክበቦቹ በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ፍሬያቸውን አሳዩ፤ በትንሽ ካሊበር የተደረጉትን አራት ውድድሮች ሁሉ እንግሊዝ አሸነፈች። ከ1909 ጀምሮ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተኳሾች መካከል እያንዳንዱ በአገሩ ተኩሶ ውጤቱ የሚነጻጸርበት የዴዋር ዋንጫ ውድድር ተጀመረ፤ ጠመንጃ የደብዳቤ ወዳጅነት መንገድ ሲሆን አስቡት። ጄኔራሉ ግን አገር ሁሉ በግዴታ ይሠልጥን እያሉ ከከተማ ከተማ ይሰብኩ ነበር። በ1914 የፈሩት ጦርነት መጣ። በማታ በምድር ቤት አንዲት ሳንቲም የምታህል ጥቁር ክብ መምታት የተማሩ ጸሐፊዎችና አንጥረኞች ወደ ፈረንሳይ ሄዱ፤ እዚያ የጠበቃቸው ከማይታይ ቦታ የሚተኮስ መድፍ ነበር። በዚያ ጦርነት ከሌላው መሣሪያ ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው መድፍ ነው። ለእርሱ ማነጣጠር መቻል ምንም አይጠቅምም። ሮበርትስ ራሳቸው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከህንድ የመጡትን ወታደሮች ሊጎበኙ ፈረንሳይ ሄደው፣ በሳንባ ምች በሴንት ኦሜር ሞቱ። 82 ዓመታቸው ነበር።

ማኅበራቸው ግን አልሞተም። በ1947 ስሙን ለውጦ እስከ ዛሬ አለ። ጄኔራሉ ያሰቡት ወታደር ማፍራት ነበር፤ የቀረው ግን የአውቶቡስ ነጂውና አስተማሪዋ ናቸው። ይህን በደስታ ነው የምጽፈው።

በዚያች ማታ ተራዬ ደርሶ በሆዴ ተኛሁ። ሽማግሌው ማንገቻውን በክንዴ ላይ አጠበቁልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥይቶች የት እንዳገባኋቸው እግዚአብሔር ይወቅ። አራተኛውን ስተኩስ፣ ትከሻዬ ላይ ያረፈው ብረት ምናልባት አንድ ጊዜ በአንድ ወታደር ትከሻ ላይ አርፎ እንደ ነበረ አሰብሁ፤ ማን ላይ እንዳነጣጠረ አላውቅም። ትንፋሼን ያዝሁ። ዐሥሩ ሲያልቅ ሽማግሌው ወረቀቱን አምጥተው በመነጽራቸው አዩትና «ጠመንጃዋ ጥፋት የለባትም» አሉኝ። በትሕትና የተነገረኝ ስድብ ነው፤ ተገባኝም።

ባለፈው ወደ አገር ቤት ስሄድ የአያቴ ሰናድር በአጎቴ ቤት ነበር። «ጋሼ፣ አንዴ ላውርደው?» አልሁት። «ውሰድ፣ ግን አቧራውን ራስህ ጥረግ» አለኝ። በሳሙና ውሃ የነከርሁትን ጨርቅ በመዶሻው አጠገብ ባለው ብረት ላይ ደጋግሜ አሸሁት። መጀመሪያ ዘውዱ ታየ። ከዚያ ቁጥሩ፤ 1859። ወደ ኋላ ያለውን የማጠፊያ ክዳን አየሁት፤ እርሱ ከ1866 ወዲህ ነው። በአንዱ አካል ላይ ሁለት ዕድሜ። ክዳኑ ዝጎ ነበርና በዘይት እያለሰለስን ግማሽ ቀን ከፈጀን በኋላ ተከፈተ። አጎቴ የስልኩን መብራት ከኋላ በኩል አበራልኝ፤ እኔም ከአፈሙዙ በኩል ዓይኔን አስጠግቼ ተመለከትሁ። ዝገት፣ የሸረሪት ድር፣ አንድ የደረቀ ተርብ። ከእነርሱ ሥር፣ ደብዝዘው፣ እየተጠማዘዙ ወደ ብርሃኑ የሚሄዱት የኤንፊልድ ቦዮች ነበሩ። ቆጠርኋቸው፤ ሦስት ናቸው።